ውሃ የሄደበት ክፍል፦ ጥምቀትን በርካሽ አልጋ

ጥር 8

ለጥምቀት ጎንደር ልሄድ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። "አልጋ ይዘሃል?" አልያዝኩም። ከአዲስ አበባ በመኪና ልሂድ ብል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እረፍቴ ደግሞ ስድስት ቀን ብቻ። የአውሮፕላን ቲኬት ስቆርጥ ኪሴ ተራቆተ። በአየር ሄጄ በምድር ልቸገር ብዬ ወሰንኩ።

አዘዞ ያረፍነው ረፋድ ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የአፄ ቴዎድሮስን ስም ይዟል። ግማሹ ተሳፋሪ ነጭ በነጭ ለብሷል። ከተራ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ሰው ግን ከቤቱ ጀምሮ ለብሶ ነው የመጣው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚባለው እዚህ ተረት አይደለም፣ ደንብ ነው። ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ዳርና ዳሩን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ ተጎትቶበታል።

ፒያሳ ወረድኩና አልጋ ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሆቴል "አልቋል" አለኝ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጋ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ጫማዬን አየች። ቀጥላ ዋጋውን ነገረችኝ። በዚያ ዋጋ አዲስ አበባ የወር ቤት ኪራይ ይከፈላል። አመስግኜ ወጣሁ። ጎሃ ያለው ሆቴል ከተራራው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል። እኔም ሽቅብ አየሁት። በዚሁ ተለያየን።

የታደገኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ቦርሳዬን ይዤ ስዞር ሁለት ጊዜ አይቶኝ ኖሯል።

"አንድ ቤት አውቃለሁ" አለኝ። "ውሃ የለውም እንጂ ደህና ነው።"

"ውሃ ከሌለው ምኑ ነው ደህናው?"

"ኧረ ተው ወንድሜ፣ ጎንደር ውሃ ያለው የት አለ ብለህ ነው?"

ፔንሲዮኑ ከፒያሳ ቁልቁል በኮብል ስቶን የሚወረድበት ቅያስ ውስጥ ነው። ግቢውን ዙሪያውን የከበቡት 14 ክፍሎች ናቸው። መሀል ላይ አንድ የዘይቱን ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ባለቤቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሠራተኛውም እንግዳውም "እትዬ" ነው የሚላቸው፤ እኔም እትዬ አልኳቸው።

"አልጋ ይኖራል እትዬ?"

"ለስንት ሰው?"

"ለራሴ ብቻ። እስከ 13።"

ዓይናቸውን ከሰፌዱ ሳያነሱ "በአዘቦቱ 500 ነው። አሁን 1,500" አሉ።

"ሦስት እጥፍ?"

"ጥምቀት ነዋ ልጄ። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ስጠርግ ማን መጥቶ ጠየቀኝ?"

በዓል መጣ ተብሎ ዋጋ ሲቆለል አልወድም። አሁንም አልወድም። ግን ለዚህ ንግግራቸው የምመልሰው አጣሁ። መጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያም ሌላ ግጭት መጣ። ጎንደር እንግዳ የራቃትን ዓመታት የምታውቀው እሷ ናት። የሦስት ቀን ከፈልኩ። ቁልፉን ሰጡኝ። ቁልፉ የታሰረበት እንጨት የጎረምሳ ክንድ ያክላል። ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ቁልፍ ይዞ እንዳይጠፋ የተፈጠረ ዘዴ ነው።

ሰባት ቁጥር። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ። ሁለት ነጠላ ጫማ፣ ሁለቱም የግራ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ፤ ሶኬት ግን የለውም። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ጥቅል ሶፍትና አውራ ጣት የምታክል ሳሙና አለች። "ባለ ሻወር" የተባለው እውነት ነው፤ ሻወሩ አለ። ቧንቧውን ከፈትኩት። ሳለ። እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። ነፋስ ብቻ ተፋና ዝም አለ። ጥጉ ላይ ሰማያዊ በርሜልና አንድ ጆግ ተቀምጧል። በርሜሉ ወገቡ ድረስ ውሃ አለው።

ማታ ከፍሳሹ የሚወጣው ሽታ አላስተኛኝ አለ። ተነሳሁና ቀዳዳውን በፌስታል ወትፌ ተኛሁ። በብልሃቴ ኮርቻለሁ። ይህቺን ፌስታል አስታውሷት፤ ትመለሳለች።

ጥር 9

የጥር ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል። አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም፤ ጃኬቴን ደርቤ አደርኩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ተሰማኝ።

"ልጄ፣ ነቃህ?"

ከማን ጋር እንደሆነ ስላልገባኝ ዝም አልኩ።

"ሰባት ቁጥር፣ አንተን ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ ነበር። ብርዱ ነው?"

ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ቀለም ስለተቀባ ብሎኬት መስሎኝ ነበር። ስምንት ቁጥር ያሉት እማሆይ ናቸው። ከደብረ ታቦር አካባቢ ለጥምቀት ስለት ይዘው መጥተዋል። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በሩ ላይ ስንገናኝ ከዘራቸውን ተደግፈው እላይ እታች አዩኝና "ቀጭን ነህ፣ ለዚህ ነው የበረደህ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጋት ላይ በግድግዳ ሰላምታ እንለዋወጣለን። እኔ "እንዴት አደሩ እማሆይ?" እላለሁ። እሳቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?" ይላሉ። አዲስ አበባ አራት ዓመት የኖርኩበት ፎቅ ላይ የጎረቤቴን ድምፅ አላውቀውም።

በጆግ ፊቴን ታጥቤ ወደ ፋሲል ግቢ ወጣሁ። ስለ ግንቡ ብዙ ስለተጻፈ አላሰለቻችሁም። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆሩ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ደግሞ በዚያው ግቢ የየራሳቸውን እየጨመሩ ሠሩ። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት መዝፈኛ፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ። የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ የአባቱ ቤት የበቃው ልጅ አልነበረም። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ሊያስወጡ ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ በመጨረሻ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የቆምኩት የእንፋሎት መታጠቢያው ጋ ነው። ነገሥታቱ ድንጋይ አግለው፣ ውሃ ደፍተው፣ በእንፋሎት የሚታጠቡበት ቤት ነበራቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት! እኔ በዘመኔ አንድ ጆግ ለፊት፣ አንድ ጆግ ለብብት እያልኩ እቆጥራለሁ። አስጎብኚው "እዚህ ጋ ብዙ ቆየህ" አለኝ። ቀናሁ አልልም፤ ግን ቀናሁ።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ይህ ቤተ ክርስቲያን በታላቁ ኢያሱ የተመሠረተ ነው። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ይሄኛው ተረፈ። ካህናቱ እንደሚሉት ያተረፉት ንቦች ናቸው፤ ከግቢው ተነሥተው የመጣውን ጦር አባረሩት። ጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸው ትልልቅ ነው። የትም ብትቆም ያዩሃል። አንገቴን አቅንቼ ልቆጥራቸው ጀመርኩና አንድ ቦታ ላይ ተምታታብኝ። አንድ ዲያቆን ፈገግ አለ። "ሁሉም ይጀምረዋል" አለኝ።

ማታ መብራት ጠፋ። ሠራተኛዋ ለየክፍሉ ሻማ አደለች። ከታች ካለው ግሮሰሪ የጀነሬተር ድምፅና ዘፈን ይመጣል። እማሆይ በግድግዳው "ሻማውን አጥፍተህ ተኛ፣ እሳት አደራ" አሉኝ። እሽ አልኩ። ጎንደሮች "እሺ" አይሉም፣ "እሽ" ነው የሚሉት። በሁለት ቀን ተጋባብኝ።

ጥር 10፣ ከተራ

ከተራ ከሚለው ቃል ውስጥ "ከተረ" አለ፤ ውሃን ማገድ፣ ማቆር። ድሮ ሰው ወንዝ ገድቦ ነበር የሚያከብረው፤ በገጠሩ ዛሬም እንዲሁ ነው። ጎንደር ግን ትልቅ ገንዳ አላት። የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ነው። መሀሉ ላይ ግንብ ቆሞበታል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ ይሞላል። ጥምቀተ ባሕር ይሉታል። ባሕር የሌላት ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ ባሕር ታስገባለች ማለት ነው። ባሕሩ ደግሞ እንደ ማንኛውም ባሕር ዳር ከተማ እንግዳ ይጠራል። አልጋ ያስወድዳል። አስፋልቱን በነጠላ ያጥለቀልቃል።

ጠዋት ግቢው የተለየ ግቢ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌሊት በአውቶቡስ የገቡ ሰዎች በየኮሪደሩ ፍራሽ ዘርግተው ተኝተዋል። ከሐዋሳ የመጡ ስድስት ጎረምሶች አንድ የኮሪደር ጥግ ይዘዋል።  የኮሪደር ፍራሽ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። "400" አሉኝ። ሽንት ቤት ወረፋው እንደ ዳቦ ቤት ነው። አንዱ የሐዋሳ ልጅ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ "አይ፣ እኛ እኮ የሐይቅ ልጆች ነን፣ እንዴት በጆግ እንታጠብ?" እያለ ሰዉን ያስቃል።

እትዬ በርሜሉን የሚያስሞሉት በአህያ ጋሪ በሚመጣ ውሃ ነው። በጄሪካን እየተቆጠረ ይገለበጣል። "አንገረብስ?" አልኳቸው። አንገረብ የከተማዋ ውሃ ከሚመጣባቸው አንዱ የሆነው ግድብ ነው።

"አንገረብማ አፈር ዋጠው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከተራራው የሚታጠበው ደለል ግድቡን ዓመት በዓመት ሞልቶታል። ከተማዋ ግን እየሰፋች ነው የሄደችው። "ወይ በሳምንት፣ ወይ በአሥር ቀን ይመጣል። ሌሊት ነው የሚመጣው፣ እንደ ሌባ።"

ይህንን ሰምቼ ነው የኔ ነገር እንዲያ የሆነው። አሁንም አላሰብኩበትም።

ዕለቱ ጋድ ነው፣ ይጾማል። ምሳ ሽሮና ጎመን በልተን ወጣን። እማሆይ ግን በር ላይ ቀሩ።

"አይሄዱም እንዴ እማሆይ?"

"ጉልበቴ ግፊያውን አይችለውም ልጄ። ታቦቱን ከዚሁ ከቅያሱ አፍ ላይ እሳለመዋለሁ።" ከቀሚሳቸው ኪስ ባዶ ሃይላንድ አወጡ። ክዳኑን በነጭ ክር አስረውበታል። "ነገ ጠበሉን በዚህ ቅዳልኝ። ስለቴ እሱ ነው።"

ተቀበልኳቸው። ግማሽ ሊትር የምትይዝ ላስቲክ ያን ያህል ትከብደኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወጡ። ጎንደር ባለ 44 ታቦት ናት ይባላል። ከየአቅጣጫው እየመጡ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ወጣቶች ቀዩን ምንጣፍ ከታቦቱ ፊት ይዘረጋሉ። ታቦቱ ሲያልፍ የኋላውን ጠቅልለው ሮጠው ወደፊት ያመጣሉ፣ እንደገና ይዘረጋሉ። ላባቸው ይንጠፈጠፋል፤ አንዳቸውም ግን አልደከመኝም አይሉም። ካህናቱ ጃንጥላ ይዘዋል። ቀሚስ፣ ካባ፣ ጥላሸት የነካው የድሮ መስቀል። ልጆቹ ደግሞ በጎን በኩል ዱላቸውን ሽቅብ እያነሱ ይጨፍራሉ። የፋሲል ከነማ ማሊያ የለበሰ አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል። ቡድኑ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ከበላ ወዲህ ማሊያው የአዘቦት ልብስ ሆኗል መሰለኝ።

ከፒያሳ እስከ መዋኛው በሌላ ቀን በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። አንድም ጊዜ ግን ሰዓቴን አላየሁም።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግቢው ሁሉ ተነሣ። ማንም ማንንም አልቀሰቀሰም። በጨለማ ውስጥ ነጭ ልብስ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰባት ቁጥርን ቆልፌ የእማሆይን ሃይላንድ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

መዋኛው ዙሪያ ሻማ ነው። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም። ጽናጽሉ ይሰማል፤ ከበሮው ከደረት ውስጥ ነው የሚመታው። ዙሪያውን ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ትልልቅ ዛፎች በቅለውበታል። ሥሮቻቸው ግንቡን ጨብጠው ወርደዋል። ድንጋዩን የሰነጠቁትም እነሱ ናቸው፣ እንዳይወድቅ የያዙትም እነሱ ናቸው።

ለእንግዶች ተብሎ የተሠራ የእንጨት ርብራብ አለ። "ከፍ ብለህ ታያለህ" አለኝ አንድ ልጅ። አልወጣሁም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት እዚሁ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነበር። ደስታው ወር ከምናምን አልቆየም። እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ በሰው ትከሻ መሀል ባየው ይሻለኛል። ያየሁትም በሰው ትከሻ መሀል ነው፤ የአንድ ረጅም ሰውዬ ጆሮ እስካሁን በዝርዝር ትዝ ይለኛል።

ሲነጋ ጸሎቱ ደረሰ። ጳጳሱ ውሃውን ባረኩ። ከዚያ በኋላ ያለው በቃል አይነገርም፤ እሞክራለሁ። መጀመሪያ የአንድ ሰው ድምፅ ተሰማ፣ ቷ! አንድ ጎረምሳ ከግንቡ ዘሎ ገባ። ተከትሎ ሃምሳው። ውሃው ፈላ። ዛፍ ላይ የነበሩት ከዛፍ፣ አጥር ላይ የነበሩት ከአጥር ይዘልላሉ። ከነልብሱ የገባ አለ፣ በፓንት ብቻ የገባም አለ። ዳር ላሉት ደግሞ በጎማ ይረጫል። ጎማው ወደኛ ሲዞር ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እልል አለ። ቀዝቃዛው ውሃ አናቴ ላይ አረፈ። በአንገቴ ገባ፣ በወገቤ ወጣ። ከጥር 8 ጀምሮ በደንብ ስታጠብ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን በበዓሉ ላይ ለመቀለድ አይደለም የምለው። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ እያለቀሱ ነበር። እኔም ዓይኔ እርጥብ ነበር፤ የቱ የጎማው እንደሆነ አላውቅም።

ሃይላንዷ! ክሩን ፈትቼ ወደ ገንዳው ለመጠጋት ሞከርኩ። አንድ እርምጃ ስሄድ ሁለት ይመልሱኛል። በመጨረሻ ለአንድ ዲያቆን በሰው ራስ ላይ አሻግሬ ሰጠሁት። ሃይላንዷ በእጅ በእጅ እየተቀባበለች ሄደች። ጠፋች አልኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሞልታ፣ ክዳኗ ተዘግቶ፣ በሌላ አቅጣጫ መጣች። ማን እንደሞላት አላየሁም። በዚያ ግርግር ውስጥ የኔ መሆኗን እንዴት አወቁ? ነጩ ክር ይሆናል።

እማሆይ ቅያሱ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አልከፈቱትም። ግንባራቸው ላይ አስደግፈው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ልብሴ እየተንጠባጠበ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ታመማለህ ልጄ፤ ግባና ቀይር" አሉኝ በመጨረሻ።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

በዚህ ቀን ተራው የቅዱስ ሚካኤል ነው። ሌሎቹ ታቦታት ትናንት ወደየደብራቸው ተመልሰዋል፤ ሚካኤል ግን ጥር 12 ነው የሚመለሰው። ብዙ ጎንደሬ ከሁሉ ይሄን ቀን እንደሚወድ ነገሩኝ። ግፊያው ቀለል ይላል፤ ጭፈራው ይበዛል። ሎሚ የሚወረውርም አይጠፋም። ድሮ ልጃገረድ ያየ ጎረምሳ ሎሚ ይወረውር ነበር። የሐዋሳዎቹ ልጆች አንድ ኪሎ ሎሚ ገዝተው ነበር። ማምሻውን ሲመለሱ ግማሹን ለሻይ ተጠቀሙበት። ስለ ቀሪው ግማሽ አልጠየቅኳቸውም፤ ፊታቸው ይናገር ነበር።

እኔ ማታ ስመለስ ግቢው ውስጥ የሠርግ ያህል ግርግር አለ። እትዬ ሻሻቸውን አሥረው፣ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ሠራተኛዋ ውሃ በአካፋ ትጠርጋለች። ውሃው የሚመጣው ከየት እንደሆነ ሳይ ልቤ ወደቀ። ከሰባት ቁጥር በር ሥር ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የመጀመሪያ ቀን ቧንቧውን ከፍቼ ሲስል አይቼ አልዘጋሁትም። የለማ! ውሃ ከሌለ ምን ይዘጋል? ከዚያ ደግሞ ፍሳሹን በፌስታል ወተፍኩት። እንደ ሌባ ሌሊት ይመጣል የተባለው ውሃ ዛሬ ዓመሉን ቀይሮ በቀን መጣ። ሰው ሁሉ ሚካኤልን ሊሸኝ ወጥቷል። ቁልፉ ከነግንዱ እኔ ጋ ነው። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ቦርሳዬ፣ ለመመለሻ ያስቀመጥኩት ብቸኛ ደረቅ ሱሪ፣ ሁሉም ጠጥቷል። ሁለቱ የግራ ነጠላ ጫማዎች በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ።

እትዬ አዩኝ። ውሃውን አዩ። ደግመው አዩኝ።

"ፌስታሉን ምን አድርግ ብሎህ ነው?" አሉ።

"ሽታው ነው እትዬ…"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሳቅ ቀደማቸው። መጥረጊያውን ተደግፈው ሳቁ። "ሌላው ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ አንተ ቤትህ ድረስ አስመጣኸው!" ሠራተኛዋም ሳቀች። የሐዋሳ ልጆች ከነፎጣቸው እየሮጡ መጡ። ውሃ መጥቷል! አንዱም ስለ ፍራሼ አልጠየቀኝም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በግቢው ያለው ሻወር ሁሉ ተከፈተ። በየክፍሉ ዘፈን ተጀመረ። እትዬ ቤት ካለ ባልዲ፣ ሳፋና ድስት አንድም የቀረ አይመስለኝም፤ ሁሉንም አሰልፈው ሞሉ።

ፍራሼን ለአራት ተሸክመን ዘይቱኑ ላይ አሰጣነው። ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ከሐዋሳዎቹ አጠገብ ተኛሁ። አንደኛው ያንኮራፋል። ከወዲያ በኩል እማሆይ በኮምፔርሳቶው "ዛሬስ አልበረደህም?" አሉ። አልበረደኝም፤ ስድስት ሰው አጠገብህ ተኝቶ አይበርድህም።

ጥር 13

ስነቃ ስምንት ቁጥር በሩ ክፍት ነው። አልጋው ተነጥፏል። እማሆይ ገና ሳይነጋ የደብረ ታቦር መኪና ይዘው ሄደዋል። ራስጌዬ ላይ ሃይላንዷ ቆማለች። ግማሽ ድረስ አላት። ነጩ ክር አንገቷ ላይ ታስሯል።

ሂሳብ ልዘጋ ሄድኩ። እትዬ ከዘይቱኑ ሥር ናቸው። ዛሬ የሚለቅሙት ስንዴ ነው።

"የሁለት ሌሊት ይቀርብሃል" አሉ። "3,000።"

"ትናንት እኮ ኮሪደር ነው ያደርኩት እትዬ። ኮሪደር 400 አይደል?"

"ኮሪደር የተኛኸው አንተ ነህ። ሰባት ቁጥር የተኛው ውሃህ ነው። ለሁለታችሁም ልቁጠር?"

ከፈልኩ። ስለ ፍራሹ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ሱሪዬን አዩ። እርጥቡን ነው የለበስኩት። ወደ ውስጥ ገብተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዘው ወጡ።

"ለመንገድ ነው። ለከርሞ አልጋ ልያዝልህ?"

"በስንት?"

"በጥምቀት ዋጋ ነዋ።"

ባጃጁ ቅያሱ አፍ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ያው የመጀመሪያ ቀኑ ልጅ ነው። ሮጥኩ። አዘዞ ልንደርስ ስንል ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ስስበው የሰባት ቁጥር ቁልፍ ነው፣ ከነግንዱ።  ለባጃጁ ልጅ ሰጠሁትና መልስልኝ አልኩት።

ቁልፉን እያገላበጠ አየው። "ውሃ አለው ወይ አሁን?" አለኝ።